ሒሳቡን ለማን ይሰጣል? ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ መንግሥትና የመሪዎች ተጠያቂነት

በአዲስ አበባ ከተማ የልደታ ስም ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀድመው የሚመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሠፈሩ ስሙን ያገኘበት የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ቤቱ ነው። «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥመን ክርክር እንዳለበት ለመገመት ሌላ ማብራሪያ አንጠይቅም። በዚሁ አካባቢ፣ በጌጃ ሠፈር፣ የቃለ ሕይወት ምእመናን የሚሰበሰቡበት የታወቀ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደብሩ፣ ችሎቱና የወንጌላውያኑ ጉባኤ ተቀራርበው የሚገኙበት ይህ ሠፈር ከሰማንያ ዓመት ወዲህ በአገራችን ሲንከባለል የመጣውን አንድ ጥያቄ ያስታውሰናል። ጥያቄውም የሃይማኖት መሪ በእጁ ለተሰጠው ሥልጣን፣ ገንዘብና ስም ሒሳቡን የሚሰጠው ለማን ነው የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ውስጥ ይመረምራል። ሕዝቡ «ጴንጤ» በሚል አንድ ስም ቢጠራቸውም የመካነ ኢየሱስ፣ የቃለ ሕይወት፣ የመሠረተ ክርስቶስ፣ የሙሉ ወንጌልና የሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት አመሠራረት አንድ አይደለም። የጽሑፉም ዓላማ የማንንም እምነት ለመንቀፍ ወይም ለማወደስ ሳይሆን እነዚህ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር በነበራቸው ግንኙነት መሪዎቻቸው ለማን ተጠያቂ እንደ ነበሩና ይህም ምን ውጤት እንዳስከተለ ለማሳየት ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እንዲህ ያለው ጉዳይ በሙያ ማኅበር መጽሔት ውስጥ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ በሕጋችን ውስጥ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በስተቀር ሌሎች የሃይማኖት ድርጅቶች የራሳቸው ልዩ ሕግ እስኪወጣላቸው ድረስ ስለ ማኅበራት በተደነገገው እንዲገዙ አድርጓል። ስለዚህ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትና እንደ እኛ ያሉ የሙያ ማኅበራት ለረጅም ዘመን በሕግ ዐይን አንድ ዐይነት ቅርጽ ነበራቸው። አባላት፣ የተጻፈ ደንብ፣ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የተመረጠ ሥራ አስፈጻሚና የተመረመረ ሒሳብ ማለት ነው። ይህ ቅርጽ በእነርሱ ዘንድ ሲጸና ወይም ሲላላ የሆነው ነገር ለእኛም ትምህርት አለው።

ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ጉባኤያት

የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ገብተው ሥራቸውን ጀመሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ከዚያ እንዲወጡ ሲገደዱ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን የምእመናኑ ቍጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ጉባኤያቱን የመሩት ከየቀበሌው የተመረጡ ሽማግሎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የሚቈርጥላቸው የውጭ ድርጅትም፣ ፈቃድ የሚሰጣቸው መንግሥትም አልነበራቸውም። ባጠፉ ጊዜ የሚገሥጻቸው፣ በታሰሩም ጊዜ ስንቅ የሚያቀብላቸው ያው የሚያውቃቸው ምእመን ነበር። እንግዲህ ዛሬ ከአገሪቱ ታላላቅ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የአመራር ሥር የተተከለው መንግሥት በማያውቀው፣ ሚሲዮንም በሌለበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

መንግሥት ጉዳዩን በሕግ የያዘው ከነጻነት በኋላ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድርጅቶች ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈለ። የኦርቶዶክስ እምነት በጸናበት ክፍል ሚሲዮናውያን ስብከት እንዳያካሂዱ ሲከለከል፣ «ክፍት» በተባለው ክፍል ግን በፈቃድ እንዲሠሩ ተደረገ፤ አዲስ አበባም ከክፍቶቹ መካከል ነበረች። ደንቡ የውጭ አገር ሰዎችን የሚመለከት እንጂ ለኢትዮጵያዊው ወንጌላዊ ምእመን የራሱ የሆነ ቦታ የሚሰጥ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሲያጸና፣ ለሌሎች ደግሞ የሃይማኖት ሥርዐታቸውን እንዲፈጽሙ የፈቀደው ለፖለቲካ ጉዳይ መሣሪያ እስካልሆነና የሕዝብን ጸጥታና ሥነ ምግባር እስካልነካ ድረስ ነበር።

የዚህ አሠራር ጉድለት በግልጽ የታየው በሙሉ ወንጌል ምእመናን ላይ ነው። አብዛኞቹ ወጣት ተማሪዎች የነበሩት እነዚህ ሰዎች በ1959 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸውን አቋቁመው በዚያው ዘመን በወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ መሠረት ለመመዝገብ አመለከቱ። ማመልከቻቸው ተቀባይነት አላገኘም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እሑድ ነሐሴ 21 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ 250 ያህል ምእመናን ለአምልኮ እንደ ተሰበሰቡ ተይዘው ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል በሚል ክስ ለፍርድ ቀረቡ። መንግሥት በመዝገብ አላሰፍርህም ያለውን ጉባኤ ሳትመዘገብ ተሰበሰብህ ብሎ መቅጣቱ ነበር። ይህ ድርጊት በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ተነግሮበታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ግን አንድ ነገር ማስተዋል ነው። እነዚህ ወጣቶች በቤተ መንግሥት የሚሟገትላቸው ባለሥልጣን አልነበራቸውም።

ሚኒስትርና ፕሬዚዳንት በአንድ ሰው

በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ የሚገኘው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በጥር 1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ ስትቋቋም በሉተራውያን ሚሲዮኖች ዘንድ የነበሩትን ጉባኤያት በአንድ ደንብ ሥር ሰብስባ ነው። ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት የመሩዋት አቶ አማኑኤል አብርሃም ሲሆኑ፣ እኒህ ሰው በወረራው ዘመን በሎንዶን ሌጋሲዮን ያገለገሉ፣ በኋላም አምባሳደርና የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ሚኒስትር የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ለዐሥር ዓመት ያህል አንድ ሰው በሳምንቱ የሥራ ቀናት ለንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ተጠሪ ሆኖ ኖረ።

ይህ አሠራር ጥቅም ነበረው። በመንግሥት ዘንድ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ተብሎ በጥርጣሬ የሚታየው ክፍል አንድ የታወቀ አገልጋይ በመካከሉ በማግኘቱ ከብዙ ችግር ድኗል። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም በየካቲት 1955 ዓ.ም. ሲከፈት መርቀው የከፈቱት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት አጭር ሞገድ አስተላላፊዎች የነበሩት ይህ ጣቢያ በዘመኑ በአፍሪካ ከነበሩት ብርቱዎች አንዱ ሲሆን፣ ከፕሮግራሙ የሚበዛው ክፍል የትምህርትና የዜና፣ የቀረው የስብከት ነበር።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በአብዮቱ ጊዜ አቶ አማኑኤል ከሌሎች ሹማምንት ጋር ታስረው ከወራት በኋላ ተፈቱ። ሬዲዮ ጣቢያው ደግሞ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ሁለቱን ስናነጻጽር አንድ ልዩነት እናያለን። ጣቢያው የቆመው የውጭ ድርጅት ከአገሩ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት ላይ ነበር፤ ስምምነቱን የሰጠው መንግሥት ሲወድቅ ጣቢያውም አብሮ ሄደ። በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ የተሸከመ ጣሪያ ምሰሶው ሲነሣ ምን እንደሚሆን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ፕሬዚዳንቷ በታሰሩ ጊዜ አልፈረሰችም። ምክንያቱም አቶ አማኑኤል ሚኒስትር የሆኑት በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ሲሆን፣ ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን በጉባኤ ምርጫ ነበር። ዋና ጸሐፊ፣ ሲኖዶሶችና ሥራ አስፈጻሚ የሥራውን ሸክም ይካፈሉ ስለ ነበር የአንዱ መታሰር ሌላውን አላቆመም። ከእስር ሲወጡም ወደ ሥራቸው የተመለሱት በዚያው ደንብ ነው።

የእምቢታ ዋጋ

ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በወለጋ ቦጂ ተወልደው በአሜሪካ ሚኒሶታ የሥነ መለኮት ትምህርት የተማሩት እኒህ ሰው ኃላፊነቱን የተረከቡት በ1958 ዓ.ም. ነው። ስማቸው በውጭ አገር ጭምር የታወቀው ከመንግሥት ጋር ከመጋጨታቸው በፊት ከረጂዎች ጋር ባደረጉት ክርክር ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በግንቦት 1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ጽሑፍ የውጭ ረጂዎች ለልማት ሥራ ብቻ ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ መንፈጋቸው ሰውን ለሁለት የሚከፍል አሠራር መሆኑን አመለከተች። ነገሩ ከተጠያቂነት ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። ገንዘብ ሰጪው በራሱ መለኪያ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ሊመልስ የሚገባው ለምእመኑ ችግር ነው ወይስ ለሰጪው መዝገብ? ቄስ ጉዲና የመለሱት ለምእመኑ ነው ብለው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ ገቢ እንድትቆም አጥብቀው መሥራታቸውም ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጭፍን አልተቃወመችም። የመሬት አዋጅ በታወጀበት በ1967 ዓ.ም. መሪዎቿ ለምእመናን ባስተላለፉት መልእክት የማኅበራዊ ፍትሕን ዓላማ ደግፈው፣ ነገር ግን ማንኛውም ርእዮተ ዓለም የእግዚአብሔርን ቦታ ሊይዝ እንደማይችል ገለጹ። ይህ አቋም ድጋፍም ተቃውሞም ሳይሆን የድንበር ምልክት ነበር። ደርግ ግን ድንበር የሚያበጅ ወዳጅ አልፈለገም። ከዚህም በላይ የቄስ ጉዲና ወንድም ባሮ ቱምሳ በኦሮሞ ነጻነት ግንባር ምሥረታ ውስጥ ዋነኛ ሰው ስለ ነበሩ ጥርጣሬው በቄሱ ላይ በረታ። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ እርዳታ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢዘጋጅላቸውም ጉባኤያቸውን ትተው ለመሄድ አልተስማሙም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአምልኮ ስብሰባ አድርሰው ሲወጡ ተጠልፈው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ለዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት ማቀቁ። በዚያው ክረምት ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ያወረዳቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አባቶች አስከሬን የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በሕይወታቸው ሳሉ በልዩ ልዩ መንበር የተቀመጡትን ሁለት መሪዎች አንድ ዐይነት ሞት አገናኛቸው።

የቄስ ጉዲና እምቢታ የአንድ ደፋር ሰው ጠባይ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ድፍረታቸው የማይካድ ነው። ነገር ግን እምቢ ለማለት ያስቻላቸው ሌላም ነገር ነበረ። የሥልጣናቸው ምንጭ የጉባኤው ምርጫ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ መንግሥት ሥልጣናቸውን እንደ ስጦታ ሰጥቶ እንደ ዕዳ ሊያስከፍላቸው አልቻለም። ሊወስድባቸው የሚችለው ሕይወታቸውን ብቻ ነበር፤ ያንኑም ወሰደ።

ቤቱ ሲዘጋ

ከቄስ ጉዲና ሞት በኋላ ጫናው ተባባሰ። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃም ተወረሰ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመላው ተዘጋ። ሕንፃዎቹና የባንክ ሒሳቡ ተወሰዱ፤ መሪዎቹ ከአራት ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ታሰሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በተዘጋ ጊዜ ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። በ1983 ዓ.ም. ከስውር ሲወጣ ግን ቍጥራቸው 34,000 ያህል ሆኖ ተገኘ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አባላቱ በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ። ለእያንዳንዱ ቡድን መሪ ያስፈልግ ስለ ነበር ቀድሞ በወንበር ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ሰው አስተማሪ ሆነ፤ ሴቶችም ሰፊ የአገልግሎት ኃላፊነት ተሸከሙ። መሪው በቡድኑ አባላት ዘንድ ኑሮው፣ ትዳሩና ንግዱ የታወቀ ስለ ነበር ተደብቆ ማጥፋት አይችልም ነበር። ሸክሙ በብዙ ነጥቦች ላይ ስለ ተከፋፈለ ጥቂት ሰዎች ቢታሰሩ ግንቡ አልተናደም።

ሆኖም የስደቱን ዘመን ያለ ጉድለት አድርጎ መሳል ታሪክን መበደል ነው። በስውር የሚሠራ ድርጅት ደረሰኝ አይቈርጥም፤ ቃለ ጉባኤ አይጽፍም፤ ሒሳብ አያስመረምርም። በመተማመን ብቻ መሥራት በዚያ ዘመን ግዴታ ነበር። ችግር የተከተለው ግዴታው ካለፈ በኋላም ልማዱ በብዙ ቦታ ስለ ቀጠለ ነው። በፈተና ጊዜ የታመነ አገልጋይ በሰላም ጊዜ ለምን ሒሳብ ይጠየቃል የሚል ስሜት ሥር ሰደደ። በአገልጋዩ ላይ ጥያቄ ማንሣት በእምነቱ ላይ ጥያቄ እንደ ማንሣት ተቈጠረ።

ወዳጅ መንግሥት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። የአምልኮ ነጻነቱ በተግባር ታየ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከሕዝቡ በመቶ 10 ያህል የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999 ዓ.ም. በመቶ ከ18 በላይ ሆኑ። ከነጻነቱ ጋር ግን አዲሱ የብሔር ፖለቲካ ወደ ጉባኤያቱ ውስጥ ገባ። በአዲስ አበባ በመካነ ኢየሱስ ምእመናን መካከል በአምልኮ ቋንቋ ምክንያት የተነሣው ክርክር ጉባኤያትን እስከ መለያየት የደረሰው በዚህ ዘመን ነው።

በመስከረም 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በሙያቸው የውኃ መሐንዲስ፣ በአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን የነበሩት አቶ ኃይለ ማርያም የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሥልጣኑን የተረከቡት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው። በ1964 ዓ.ም. 250 ምእመናኑ ለእስር የተዳረጉበት ቤተ ክርስቲያን ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ አንድ ልጁን በመንግሥት ከፍተኛ ወንበር ላይ አየ። በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል የሕግ ሰውነት አገኘ። እንደ ተራ ማኅበር በየጊዜው ፈቃድ ማሳደስ ይደርስባቸው ለነበሩት አብያተ ክርስቲያናት ይህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጠበቀ ፍትሕ ነው። ፍትሕ መሆኑን ሳንክድ ግን አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል። ምዝገባው በመንግሥት መልካም ፈቃድ እንደ ተገኘ ስጦታ ከታየ፣ መሪው ነገ መንግሥትን ሊወቅስ የሚገባው ጊዜ ቢመጣ አንደበቱ ይታሰራል። እንደ መብት ከታየ ግን ለማንም ባለ ዕዳ አያደርገውም።

በአደባባይ ስለ ገዢው ፓርቲ ስምና «የብልጽግና ወንጌል» ስለሚባለው ትምህርት ብዙ ተጽፏል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ብቻ አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በዐይን የሚታየው አሠራር ነው። በስብከት መድረክ ላይ ባለሥልጣንን በትንቢት ማወደስ፣ በምርጫ ሰሞን እጩን በጉባኤ ፊት አቁሞ መባረክ፣ ከቤተ መንግሥት የተገኘን ግብዣ እንደ መንፈሳዊ ማዕርግ መቍጠር የተለመዱባቸው ቦታዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣና እስከ ፕሪቶርያ ስምምነት ድረስ ሲቀጥል ከየቤተ እምነቱ የተሰማው የመሪዎች ቃል ደሙን ለማቆም ምን ያህል ደፈረ የሚለውም ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቃል። ጥያቄው ለሁሉም ቤተ እምነቶች የሚቀርብ ቢሆንም፣ የራሳቸው ምእመን በሥልጣን ላይ ላለባቸው ወገኖች ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚሁ ጎን ለጎን «ነቢይ» እና «ሐዋርያ» በሚል ማዕርግ የሚጠሩ መሪዎች የመሠረቷቸው አገልግሎቶች በዝተዋል። ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክል አይደለም፤ በቅንነት የሚያገለግሉ አሉና። ነገር ግን መሥራቹ ሰባኪም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ዳኛም በሆነበት ቤት አቤቱታ የት ይቀርባል? የተበደለ ምእመን አንድም ዝም ይላል፣ አንድም ጉዳዩን ይዞ ወደ መንግሥት ችሎት ይሄዳል። የውስጥ ሥርዐት በጠፋ ቍጥር የመንግሥት እጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። የነጻነት ጠላት የሚሆነው እንግዲህ ውጫዊው ኃይል ብቻ አይደለም።

ከሌሎች አገሮች

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በጓቲማላ እ.ኤ.አ. በማርች 1982 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን አባል ነበሩ። እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን ስለ ሥነ ምግባር ይሰብኩ በነበረበት ወቅት ሠራዊታቸው የማያ ሕዝብ መንደሮችን ያጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በዘር ማጥፋት ወንጀል 80 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በቀናት ውስጥ በሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ተሽሮ ጉዳዩ እንደ ገና በመታየት ላይ ሳለ በ2018 ሞቱ። ሃይማኖተኛ መባል የፖለቲካ መሪን ከጥፋት እንደማይጠብቅ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም።

የዛምቢያ ታሪክ ግን ሌላ ፊት አለው። ፕሬዚዳንት ፍሬዴሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 አገራቸው የክርስቲያን አገር መሆኗን ሲያውጁ ብዙ ወንጌላውያን ተደስተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ለሦስተኛ ጊዜ ለመወዳደር የሚያስችል እንቅስቃሴ ሲጀመር ግን የወንጌላውያን ኅብረቱ፣ የካቶሊክ ጳጳሳቱ ጉባኤ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ካውንስሉ፣ የሴቶች ድርጅቶችና የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር «ኦአሲስ ፎረም» በተባለ መድረክ ተባብረው ተቃወሙ። ፕሬዚዳንቱም ሐሳባቸውን ተዉ። በኋላ የሎንዶን ፍርድ ቤት በ2007 በፍትሐ ብሔር ክስ በሕዝብ ገንዘብ ምዝበራ ተጠያቂ ሲያደርጋቸው፣ የአገራቸው ፍርድ ቤት በ2009 ከወንጀል ክሱ ነጻ አወጣቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ወንጌላውያኑ ለወንድማቸው ያላቸው ፍቅር ለሕጉ ያላቸውን ታማኝነት አላስረሳቸውም። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን አልቆሙም፤ አንድ የሙያ ማኅበር ከጎናቸው ነበረ። በገዛ ቤቱ ሒሳብ መስጠት የለመደ ማኅበር በአደባባይ ሒሳብ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኛል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገሮችን መቅሰም ይቻላል። የወላይታ ሽማግሎችና የመሠረተ ክርስቶስ የቤት ለቤት ቡድኖች ሥልጣን ሲከፋፈል እንደሚጸና አሳይተዋል። የመካነ ኢየሱስ ታሪክ ደግሞ በጉባኤ የተመረጠ መሪ መንግሥት ሲጠላውም ሊቆም እንደሚችል መስክሯል። የቅርቡ ዘመን ግን ከጠላት መንግሥት ይልቅ ወዳጅ መንግሥት መሪን በቀላሉ እንደሚወስደው እያስተማረን ነው። ጠላት የሚቀማው ሕንፃና ገንዘብ ነው፤ ወዳጅ ግን ሳይታወቅ አንደበትን ሊወስድ ይችላል።

መፍትሔው ምእመናን ከፖለቲካ እንዲርቁ መጠየቅ አይደለም። ምእመን ዜጋ ነው፤ ሚኒስትርም፣ መሐንዲስም፣ ዳኛም ሊሆን ይገባዋል። የሚጠየቀው ሥርዐት እንዲኖር ነው። በመንግሥት ሹመት ላይ ያለ ሰው በዚያው ጊዜ የቤተ ክርስቲያን የበላይ መሪ እንዳይሆን ደንቡ ይወስን። የመሪነት ዘመን የተወሰነ ይሁን። ሒሳቡ በየዓመቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ለአባላት ይነበብ። የስብከት መድረክ ለእጩ ተወዳዳሪ አይሰጥ። በመሪ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ መሪው በማይሾመው አካል ይታይ። እኛ በሙያችን ንድፉን የሠራው ሰው ራሱ አረጋጋጭ ሆኖ እንዲፈርም አንፈቅድም። ይህን የምናደርገው ሰውየውን ስለምንጠረጥር ሳይሆን በሕንፃው ውስጥ የሚኖሩትን ስለምናስብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያደርስ ብቻውን አልያዘም፤ ጉባኤያቱ የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል።

እነዚህ ነጥቦች ለአብያተ ክርስቲያናት ብቻ የተጻፉ አይደሉም። የእኛም ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ይጠራል፤ መሪ ይመርጣል፤ የሒሳብ መግለጫ ይሰማል። ብዙዎቻችን መግለጫው ሲነበብ ወደ ውጭ ወጥተን ቡና እንጠጣለን። ሒሳብ ሰጪው መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ግን ጠያቂው በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ነው። በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያላቸው የሙያ ጓደኞች በሚመጣው እትም ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን ውይይቱ የበለጠ ይጠነክራል።